አልበርዲናን ሦስት ሴንቲ ማስመጥ

ዊብረን ከጎረቤት ምስማር እንኳ ተውሶ የማያውቅ ሰው ነው። ሙገሳ እንዳይመስላችሁ፤ ጎረቤቶቹ ይህን የሚሉት ከንፈራቸውን እያጣመሙ ነው። መንደሩ ማለት ሠላሳ ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ዳቦ ቤት ነው፤ የቀረው ውሃና ላም ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው መሰላል የሚዋሰው መሰላል ስላጣ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ቡና ይጠጣል፣ ወሬ ይለቃቅማል፣ የማን ጉልበት እንደታመመ ይሰማል። ዊብረን ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ መጋዙንም መላጊያውንም ሞርሳውንም ከቤቱ ጀርባ ባለች መጋዘን ደርድሮ በሩን ዘጋ። ሲሰጥ እጁ አያጥርም። የቤተ ክርስቲያኑን በር ያደሰው እሱ ነው፤ የቀኝ ጎረቤቱ የፎፔ ሚስት ስትሞት ሬሳ ሣጥኗን በሁለት ቀን ውስጥ ብቻውን ሠርቶ ያስረከበውም እሱ ነው። መቀበል ነው የማይሆንለት። ፎፔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ እያደረገ «ላግዝህ?» ይለዋል፤ እሱም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «እኔው እወጣዋለሁ» ይለዋል።

ከመጋዘኗ ኋላ ቦይ አለ፤ ቦዩ ላይ አልበርዲና ታስራለች። አስር ሜትር ተኩል የሆነች የብረት የሞተር ጀልባ ናት። ስሙን ያወጣላት የቀድሞ ባለቤቷ ነው፤ የአማቱ ስም ነው አሉ። ዝቅ ያለች፣ ከባድና በቀላሉ የማትንቀሳቀስ ስለነበረች ነው ይላሉ፤ ስለ ጀልባዋ ይሁን ስለ አማቲቱ እንጃ። ዊብረንና ሚስቱ ሪንስኬ ሃያ ሁለት በጋ እላይዋ ላይ አሳልፈዋል። መሪውን የምትይዘው ሪንስኬ ናት፤ ይህ ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። በአባቷ የጭነት ጀልባ ላይ፣ በድንችና በአሸዋ መሃል ነው የተወለደችው፤ ድክ ድክ ሳትል መሪ ነክታለች። ችግሩ ቁመቷ ነው። ሪንስኬ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት ናት፤ የአልበርዲና የመሪ ክፍል ደግሞ ለድንክ ነው የተሠራው። ሃያ ሁለት ዓመት አንገቷን ሰብራ፣ ጉልበቷን አጥፋ ነዳች።

ባለፈው ጥቅምት ከሐይቁ ሲመለሱ ወገቧ ተያዘ። ከጀልባዋ ወርዳ ሣሩ ላይ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሰማይ ሰማይ እያየች ነው የተናገረችው።

«ዊብረን፣ ለዚህ ጣሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ሰገድኩለት። ለእግዚአብሔር እንኳ እንዲህ አልሰገድኩም። በቃኝ፤ ሽጣት።»

«አንድ ክረምት ስጪኝ» አላት፤ እዚያ አገር ክረምት ማለት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው የብርድ ወራት ነው።

«ክረምቱን ውሰድ። በሚያዝያ የመጨረሻው ቅዳሜ ሐይቁ ላይ ቀጥ ብዬ ካልቆምኩ ግን ሰኞ ገዢ ይመጣል።»

የምትቀልድ መስሎት ነበር። በማግስቱ ስኔክ ከተማ ላለ አንድ ጀልባ ፈላጊ ደውላ ቀን ቆረጠች። ዊብረን ያን ጊዜ የምሯን መሆኑ ገባው። ጀልባዋ አይደለችም ያሳሰበችው፤ ብረት ብረት ነው። ሪንስኬ ቤት ውስጥ ዝም የምትል ሴት ናት። የምትስቀው፣ የምትዘፍነው፣ ከሱም ጋር የምትጨቃጨቀው ውሃ ላይ ነው። አልበርዲና ከተሸጠች ያቺኛዋ ሪንስኬ አብራ ልትሸጥበት ነው።

ስለዚህ ጣሪያውን አስራ ሁለት ሴንቲ ከፍ ሊያደርገው ቆረጠ።

ከቦዩ መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ላሞቹ ወደ መስክ በሚሻገሩበት ድልድይ ሥር ነው። ድልድዩ አይነሳም፣ አይከፈትም፣ ለማንም አያዝንም። ግንባሩ ላይ በነጭ ቀለም ሁለት ሜትር ከሃምሳ ሁለት ተጽፏል። ዊብረን የአልበርዲናን የድሮ ጣሪያ ከውሃው ጀምሮ ለካ፤ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስምንት። አስራ ሁለት ሲጨመርበት ሁለት ሜትር ከሃምሳ። ሁለት ሴንቲ ይተርፋል ማለት ነው። ሁለት ሴንቲ ለሌላው ሰው ጭንቅ ነው፤ ለዊብረን ሜዳ ነው። ሂሳቡን በእርሳስ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ጽፎ ሁለቴ አሰመረበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆቹን «የለካ ያውቃል» እያለ ያሰለቸ መምህር ነው፤ ልኬት ላይ ማንም አይመጣበትም።

ሥራውስ፣ እውነቱን እንናገር፣ ያምር ነበር። የድሮውን ጣሪያ በመጋዝ ገምሶ አወረደ። የጣሪያውን ወጋግራዎች የሠራቸው ስምንት ስምንት ቀጫጭን የእንጨት ጣውላ በሙጫ እያጣበቀ፣ በቅርጽ ላይ አጉብጦ፣ በሃያ ሞርሳ አንቆ እያሳደረ ነው። ከሥራቸው የገቡትን ሳንቃዎች አንድ በአንድ ላጋቸው፤ መላጊያው ሲሄድ የሚወጣው ልጥ እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ይወድቅ ነበር። ቫርኒሹን ሰባት ጊዜ ቀባው፣ በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት እያሸው። ፎፔ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሞርሳ የሚይዝልህ ሰው አትፈልግም?» ቢለው፣ «እኔው እወጣዋለሁ» አለው።

የእጅ ነገር ሆኖ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አያቆምም። ጣሪያው ከተከፈተ በኋላ ያ እንደ በሬ የሚያጓራ ጄኔሬተር ለምን ይቆያል? አውጥቶ ለቁራሌው ሰጠው። አራቱን ሙት ባትሪዎች አወጣ፤ በምትካቸው አንዲት ቀላል አዲስ ባትሪ አስገባ፣ ሽቦውን በየቀለሙ አሰልፎ በየጫፉ ስም ለጠፈበት። የብረት ምድጃውን ነቅሎ የጫማ ካርቶን የምታህል ማሞቂያ ተከለ። እንደ ቤተ ክርስቲያን በር የወፈረውን የባሉጥ ቁም ሣጥን አፍርሶ በቀጭን ኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ በሩ በአንድ ጣት የሚከፈት ቁም ሣጥን አደረገ። ወለሉን ሲያነሳ ደግሞ ከሥሩ የመንገድ ንጣፍ ድንጋይ ተደርድሮ አገኘ። «ይህን ቆሻሻ ማን ከተተው?» ብሎ ሁሉንም ለቅሞ ከቤቱ እስከ መጋዘኑ ድረስ መንገድ አነጠፈበት፤ ያውም በሲሚንቶ፣ ምክንያቱም ዊብረን ነገር በግማሽ አይሠራም።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ከዳር ቆሞ ሲያያት፣ በሆዷ ዙሪያ በውሃው ልክ የተቀባው ጥቁር መስመር ከወትሮው ጎልቶ ታየው። ቀለሙ የታደሰ መሰለውና ደስ አለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ሂሳብም እንደዚያው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ፀሐይ ወጥቷል፤ በሚያዝያ ይህ ራሱ ስጦታ ነው። ሪንስኬ ወደ መሪው ክፍል ገባች። በልማድ አንገቷን ሰብራ ነው የገባችው። ከዚያ ቀስ እያለች፣ ሕልም እንዳይሆን እየፈራች፣ ቀጥ አለች። በራሷና በጣሪያው መሃል ሦስት ጣት ቀረ። ወደ ላይ አየች፣ ጣውላውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ዊብረን የሞተሩን መክደኛ የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑን እንድታየው አልፈለገም።

ድልድዩ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ዊብረን ከጀልባዋ አፍንጫ፣ ከፊት ጫፏ ላይ ልክ በጣሪያው ቁመት አንዲት ቀጭን ዱላ አቁሟል፤ ዱላዋ ካለፈች ጣሪያው ያልፋል። ሪንስኬ በእግር ጉዞ ፍጥነት ቀረበች። ዱላዋ የድልድዩን ብረት ጠቅ አደረገችና ወደ ኋላ ተቀለበሰች።

ሪንስኬ ሞተሩን ወደ ኋላ አስገብታ ጀልባዋን አቆመች። ፎፔ ከላይ ሆኖ ያያቸዋል፤ ብስክሌቱን ድልድዩ ላይ አስደግፎ ገና ከጠዋቱ ቦታ ይዞ ኖሯል።

«ዊብረን፣ መጋዝ ላምጣልህ?»

«አትቀልድ!»

«መቀለዴ አይደለም። ድልድዩን ነው ጣሪያውን የምትቆርጠው?»

ዊብረን ሜትሩን አውጥቶ ከውሃው እስከ ጣሪያው ለካ። ሁለት ሜትር ከሃምሳ አራት። ደግሞ ለካ። ሃምሳ አራት። «ሃምሳ ነበር» አለ። «እኔ ጣሪያውን አስራ ሁለት ነው ያስነሳሁት፣ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም። ውሃው ነው የወረደው።»

ሪንስኬ ከመሪው ክፍል ብቅ ብላ ውሃውን ሳይሆን የጀልባዋን ጎን አየች። የጭነት ጀልባ ልጅ አይደለች እንዴ፤ ጥቁሩን መስመር ስታይ የቀለም ነገር አልመሰላትም።

«ዊብረን፣ ከዚች ጀልባ ውስጥ ምን ምን አወጣህ?»

«ጄኔሬተሩን።»

«እሺ።»

«ባትሪዎቹን፣ ምድጃውን፣ ቁም ሣጥኑን።» ቆም አለ። «ድንጋዩን።»

«የቱን ድንጋይ?»

«ከወለሉ ሥር የነበረውን። ቆሻሻ መስሎኝ።»

«አንድ ሺህ ኪሎ አውርደህ ስታበቃ የት ትቀመጥ ብለህ ነው?» አለች ሪንስኬ። «ጭነቷ ሲወርድ ጀልባ ወደ ላይ ትነሳለች። ይህን እኔ ጡት ስጠባ ነው የሰማሁት። አባቴ አሸዋውን ካራገፈ በኋላ ድልድይ ሊያልፍ ሲል እናቴን፣ አምስታችንንም ልጆች፣ ውሻውንም ሳይቀር አፍንጫዋ ላይ ያስቀምጠን ነበር።»

ዊብረን የሚገባበት ጠፋው። ጣሪያውን የለካው በጥቅምት ነው፣ ዕቃው ሁሉ በውስጧ ሳለ። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ በገዛ እጁ ክብደቷን ሲያቀልላት፣ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ ድጋሚ አልለካም። ይህን የሠራው ተማሪ ቢሆን ጆሮውን ይዞ ያስወጣው ነበር። ያሳፈረውስ ስሕተቱ ብቻ አልነበረም። ሪንስኬ መሪውን ለቃ ከደጁ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ፊቷ ላይ የጠዋቱ ነገር የለም። ሰኞ ገዢው ይመጣል። ጣሪያውን መልሶ ይቁረጥ? ድንጋዩ በሲሚንቶ ተቀብሯል፤ በዶማ ሳምንት ይፈጃል።

«ስንት ኪሎ ይበቃናል?» አላት ቀስ ብሎ።

ሪንስኬ በጣቷ ጭኗ ላይ ጻፈች። «አንድ ሴንቲ ለማስመጥ ሁለት መቶ ሃምሳ። ሁለት ሴንቲ ትርፍ አለብን፣ አንድ ሴንቲ ደግሞ ለመተንፈሻ። ሰባት መቶ ሃምሳ።»

«ከየት አመጣለሁ? አሸዋ የለ፣ ድንች የለ።»

«ሰው አለ» አለች፤ ራሷንም ወደ ድልድዩ ቀና አደረገች።

ዊብረን ገባው። በዚያ መንደር የቀኝ ጎረቤት ማለት ዝም ብሎ ጎረቤት አይደለም። ልጅ ሲወለድ በየቤቱ ዞሮ የሚያበስረው፣ ሰው ሲሞትም ቆቡን አውልቆ በየቤቱ የሚያረዳው እሱ ነው። ሰው ይሰብሰብ ከተባለ የሚሰበስበው ፎፔ ነው፤ ፎፔን የሚልከው ደግሞ ባለጉዳዩ ነው፣ በራሱ አፍ። ሪንስኬ ልትናገርለት አትችልም፤ ብትችልም አትናገርለትም ነበር። ዊብረን ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱን አየ፣ ቀና ብሎ ድልድዩን አየ፣ ሜትሩን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣው።

«ፎፔ» አለ።

«አቤት።»

«እኔው አልወጣውም። እርዳኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው በዚህ ሰዓት አንድ ሁለት ነገር ቢናገር ማን ይፈርድበታል? ፎፔ ግን አልቀለደም። ብስክሌቱን አቅንቶ «ስንት ኪሎ ነው ያላችሁት?» አለና፣ ሲነገረው ቆቡን አስተካክሎ ሄደ።

አልበርዲናን ከሣሩ ዳር አስረው ጠበቁ። ትንሽ ቆይቶ ዊብረን አንድ እንግዳ ነገር አየ። በቦዩ ዳር ካሉት ቤቶች የመጀመሪያው መጋረጃውን ዘጋ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። እዚያ አገር በቀን መጋረጃ የሚዘጋው ለሞተ ሰው ክብር ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ዊብረን ደንግጦ። «ፎፔን ለማይረባ ነገር ልከንበት ...»

ሪንስኬ መጋረጃዎቹን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ወገቧን ይዛ መሳቅ ጀመረች። «አንተ ነህ የሞትከው» አለችው።

እውነቷን ነበር። ዊብረን በዕድሜው ፎፔን ወደ ሰው ቤት ልኮት አያውቅም፤ ስለዚህ ፎፔ ረፋድ ላይ በየደጁ ቆሞ «ስለ ዊብረን ነው የመጣሁት» ሲል፣ ሰው የቀረውን ለመስማት አልቆየም። ቀድሞ የደረሰው ዳቦ ጋጋሪው ሂልኬ ነው፣ የድሮ ተማሪው፤ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ዱቄት እንደለበሰ ከሚስቱ ጋር መጣ። ዊብረንን ጀልባዋ ላይ ቆሞ ሲያየው ሂልኬ ቀጥ አለ።

«መምህር፣ አልሞቱም እንዴ?»

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ አልሞትኩም።»

«እኔ እኮ ለለቅሶው ብዬ ስድስት የስኳር ዳቦ ምድጃ ከትቻለሁ።»

«አምጣዋ፤ እሱም ይመዝናል» አለች ሪንስኬ።

ፎፔ ከኋላ እያለከለከ ደረሰ። «እኔ ላስረዳ ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ሁለት ሰው አልቅሷል።»

«እነማን?» አለ ዊብረን።

«አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር፤ እሷን አልቆጥራትም።»

ዊብረን ሳቀ። ግን መጋረጃዎቹን ደግሞ ሰረቅ አድርጎ አየና ልቡ ሞቀው። ሞቶ ሳይሆን ቆሞ የራሱን ለቅሶ ማየት ለስንቱ ይሳካለታል? ያ ሁሉ መጋረጃ ለሱ መዘጋቱን አላሰበውም ነበር።

ሪንስኬ አሁን ሌላ ሰው ሆነች። ከጀልባዋ ዳር ቆማ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ሰዉን እንደ ድንች ጆንያ ትረከብ ጀመር። «ኪሎ?» ትላለች፤ ይናገራሉ፤ ትጽፋለች፤ ቦታ ታሲዛለች።

«ዘጠና አንድ» አለ ፎፔ።

«መቶ አስራ አራት» አለ ሂልኬ፣ ኮራ ብሎ። ሚስቱ ሰባ ስምንት ናት። ቀጥሎ የላሞቹ ባለቤቶች፣ ሁለቱ ወንድማማቾች መጡ፤ ዘጠና ሰባትና መቶ ሁለት። ከነሱ ኋላ የመንደሩ ቄስ መጡ፣ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሴት ናቸው፤ ለጸሎት ተዘጋጅተው ኖሯል የመጡት።

«ሰባ» አሉ ቄሷ።

ፎፔ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እናት ቄስ፣ ዛሬ እንኳ እውነቱን ይበሉ። የጣሪያው ጉዳይ ነው።»

«ሰማንያ ሦስት» አሉ ቄሷ፤ ረድፉ በሙሉ ሲስቅ እሳቸውም ሳቁ።

የቀረው ሰው ኳስ ሜዳ ነው። ስድስቱ ተሳፈሩ፤ አልበርዲናም ቀስ ብላ ወደ ውሃው ተቀመጠች። ሁሉም ግን ዳቦው ወዳለበት ወደ ኋላ ስለሄዱ ኋላዋ ሰምጦ አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ አየ። «ሂልኬ፣ አንተ ወደ ፊት። ወንድማማቾቹ፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ። ዳቦው መሃል ይቀመጥ፣ ያኔ ሁላችሁም መሃል ትሆናላችሁ» አለች ሪንስኬ። አስተካከለቻቸው። ዊብረን ሜትሩን ይዞ ተንበርክኮ ለካ።

«ሁለት ሜትር ከሃምሳ አንድ፣ ከስምንት ሚሊ» አለ። «ታልፋለች፣ በወረቀት ውፍረት።»

«በወረቀት ውፍረት አልነዳም» አለች ሪንስኬ። «ውሃው ትንሽ ቢወዛወዝ ድልድዩ ሰባቱን ቫርኒሽህን ልጦ ይወስደዋል። ሁለት መቶ ኪሎ ገደማ ይጎድላል።»

«መምህር፣ የለካ ያውቃል አይደል የሚሉት?» አለ ሂልኬ ከአፍንጫዋ በኩል። «እኔን በርጩማዬ አንድ እግሯ አጠረ ብለው ከአስር አራት ሰጥተውኛል።»

«አራት ሲበዛብህ ነው፤ ለራሴ ግን ዛሬ ሁለት ሰጥቻለሁ» አለ ዊብረን። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ የሰማ የለም፤ ፎፔ ዳቦውን አስቀምጦ አየው።

በዚህ መሃል በቦዩ ዳር መንገድ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ስትንቀሳቀስ ታየች። ቤፔ ሲብሪች ናቸው፤ ቤፔ ማለት አያት ነው፣ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነውና መንደሩ በሙሉ አያቴ ይላቸዋል። በኤሌክትሪክ ጋሪያቸው ላይ ተቀምጠው፣ የለቅሶ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ።

«ቤፔ፣ ዊብረን አልሞተም» አላቸው ፎፔ።

«ሰምቻለሁ። ለብሼ ከወጣሁ በኋላ ነው የተነገረኝ፤ መልሼ አላወልቅም። ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«ጀልባ እያሰመጥን ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ስንት ይመዝናሉ?» አለች ሪንስኬ ፈገግ ብላ።

«እኔ አርባ ስምንት ነኝ። ጋሪዬ ከነባትሪው መቶ ሠላሳ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

ሪንስኬ እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች። «ሰባት መቶ አርባ ሦስት» አለች። «ጫኗቸው።»

ሳንቃ ተዘረጋ። ወንድማማቾቹ ከፊት፣ ሂልኬና ፎፔ ከኋላ ሆነው ጋሪውን ከነቤፔ ሲብሪች አንስተው ከመሪው ክፍል አጠገብ አስቀመጡ። ዊብረን ከልማድ የተነሳ «ቆይ፣ እኔው ...» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ፎፔ በትከሻው ገፋ አድርጎ «አንተ ገመዱን ያዝ» አለው፤ እሱም ያዘ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ቤፔ ሲብሪችም እንደ ሎሚ ቀለሉ።

ለካ። ሁለት ሜትር ከሃምሳ አንድ፣ ከአንድ ሚሊ።

«ሁሉም ጎንበስ» አለች ሪንስኬ፤ ሞተሩን አስገባች።

ዱላዋ ብረቱን ሳትነካ አለፈች። ሂልኬ በሆዱ ተኛ። ቄሷ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቤፔ ሲብሪች ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ድልድዩ ከላያቸው ሲመጣ ጨለም አለ፣ ቀዝቀዝ አለ፤ የሸረሪት ድር ከብረቱ ላይ ተጠርጎ አዲሱ ጣሪያ ላይ ተጠቀለለ። ዊብረን ከመሪው ክፍል ደጅ ተንበርክኮ ነበር። ጣሪያውን ሊያይ ነበር ያሰበው፣ ያቺን አንድ ጣት የማትሞላ ክፍተት። ግን ሪንስኬን አየ። ጀልባዋ ላይ ካለው ሰው ሁሉ አንዷ እሷ ብቻ ቀጥ ብላ ቆማለች። እጇ መሪው ላይ፣ ዓይኗ ፊት ለፊት፣ አንገቷ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ አንገት ቀና ብሎ። ወደ ጣሪያው አንዴ እንኳ ቀና ብላ አላየችም፤ እንደሚያልፍ ታውቃለች። ዊብረን ሲያያት እንባው መጣበት፤ አልጠረገውምም፣ ሁሉም አጎንብሶ ማን ሊያየው።

ብርሃኑ መልሶ ሲወርድባቸው ሂልኬ ከተኛበት እልል ብሎ ጮኸ፤ ወንድማማቾቹ ተቀበሉት። ቤፔ ሲብሪች ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

ከድልድዩ ማዶ ሰዉን ለማውረድ ነበር ሐሳቡ። ሪንስኬ ፍጥነቷን ቀንሳ «የሚወርድ?» አለች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቤፔ ሲብሪች ሐይቁ ዳር የሚጠበስ ዓሣ እንዳለ አስታወሱ፤ ፎፔ በበኩሉ ከኮቱ ኪስ የመራራ አረቄ ጠርሙስ አወጣ፤ ለለቅሶው ብለው በአንዱ ቤት ያስያዙት ነው። ሪንስኬ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ በሌላው ስልኳን አነሳች። «ሰኞ አትምጣ» አለች ለስኔኩ ሰውዬ። «የለም፣ አልተበላሸችም። ልክ ሆናለች።» ስልኩን ዘግታ ዘፈን ጀመረች፤ አባቷ አሸዋ ሲጭን የሚዘፍነውን፤ ድምፅዋ ጥሩ አይደለም፤ ዊብረን ግን ክረምቱን ሙሉ የናፈቀው እሱን ነበር።

ሐይቁ ላይ ሞተሩን አጠፉ። ዓሣው ተበላ፣ ዳቦው አለቀ፣ ጠርሙሱም ጎደለ። ቄሷ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውሃው ላይ አንጠልጥለዋል። ወንድማማቾቹ የአዲሱን ቁም ሣጥን በር በአንድ ጣት እየከፈቱ እየዘጉ ይደነቃሉ። ሂልኬ ጣሪያው ሥር ተንጋሎ የተጎበጡትን ወጋግራዎች ይቆጥራል፤ «መምህር፣ ይህን እንዴት እንዳጎበጡት ያሳዩኛል?» አለው፤ ዊብረንም «ና፣ ሞርሳ የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ» አለው። ቤፔ ሲብሪች በለቅሶ ቀሚሳቸው ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ዊብረን ወደ ሪንስኬ ጠጋ አለ። «መላ አግኝቻለሁ» አላት። «ሰኞ ብረት አዝዛለሁ። ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ከወለሉ ሥር አስገባና ማንንም ሳናስቸግር እንወጣለን፣ እንገባለን።»

ሪንስኬ መሪው ላይ እንደተደገፈች አየችው። «አታስገባ» አለች።

«ታዲያ እንዴት ነው የምንመለሰው?»

«እነዚህን ይዘን።»

«በሌላ ጊዜስ ስንወጣ?»

«ሄደህ የፎፔን በር ታንኳኳለሃ።»

«በየጊዜው?»

«በየጊዜው።»

ዊብረን ሊከራከር ነበር። ሃያ ሁለት በጋ በዚች ጀልባ ላይ ከነሱ ከሁለቱ በቀር የሰው ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ዞር ሲል ፎፔ ከኋላ በኩል፣ ከባዶ የዳቦ ቅርጫት አጠገብ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ፎፔ» አለው። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ አለህ?»

«አለኝ እንጂ» አለ ፎፔ። «ጀልባ አሰምጣለሁ።»